አባዬ በአሥር ሰዓት ይደርሳል

ቀልድ የማይገባኝ ሰው አይደለሁም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ያን ጊዜማ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ካሩዥ በሚባል የጄኔቭ ሰፈር ውስጥ እንደ እኔ ያለች ለፍላፊ ሐበሻ አልነበረችም። በሰፈሩ ያለነው ሐበሾች እኔና እናቴ ብቻ ስለነበርን ውድድሩ ብዙም አላስቸገረኝም። እናቴ ዝምተኛ ናት፤ የእሷንም ድርሻ ጨምሬ የማወራው እኔ ነበርኩ። አሁን የማጫውታችሁ ያ ልፍለፋዬ ያመጣብንን ነገር ነው። አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተጀምሮ በማግስቱ ማለዳ አለቀ። አለቀ ካልነው ነው እንግዲህ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባዬን ከቢሮው ከወሰዱት ሦስት ዓመት አልፏል። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ። መጀመሪያ ሰሞን ስንቅ እናቀብል ነበር፤ የላክነው ሳህን ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት ነው ብለን እንጽናናለን። ኋላ እኛም ላይ ዓይን ሲበዛ እናቴ እኔን ይዛ ወጣች። እንዴት እንደወጣን የራሱ ታሪክ አለው፣ ዛሬ አልገባበትም። ብቻ ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ደረስን። አዲስ አበባ የሴቶች ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር የነበረችው ወይዘሮ ጽጌ ካሩዥ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ አጣቢ ሆነች። አንድም ቀን ስታማርር ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ የሰጠችኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በሰኔ የሚሰጠውን የመጨረሻ ፈተና ማለፍ። «አባትሽ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው» ትለኝ ነበር።

ከጥር ወዲህ ግን እናቴ ሌላ ሰው ሆናብኝ ነበር። በዚያ ወር እትዬ አስቴር ታማለች ብላ ሦስት ቀን ዙሪክ ሄዳ ከረመች። እትዬ አስቴርና ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ የአዲስ አበባ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከእኛ ቀድመው ወጥተው ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ይኖራሉ። እናቴ ከዚያ ስትመለስ ፀጉሯን ከሥሩ ተቆርጣለች። የማጠቢያ ቤቱ እንፋሎት አበላሸብኝ አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ከላይዋ አልወርድ አለ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ መነኮስሽ እንዴ እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷ ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ይሄን ሳስታውስ ዛሬም አፌን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በየካቲት መጨረሻ የፈረንሳይኛ መምህራችን ስለምትጠብቁት ሰው ጻፉ አለችን። አንዱ ከውትድርና ስለሚመለስ ወንድሙ ጻፈ፣ አንዷ አሜሪካ ስላለች አክስቷ ጻፈች። እኔ ስለ አባዬ ጻፍኩ። አንብቢው ስባል ደስ ብሎኝ ነው ብድግ ያልኩት። እንደሚፈታ፣ በአውሮፕላን እንደሚመጣ፣ ከሚቀበሉት ሰዎች ሁሉ ፊት እኔ እንደምቆም አነበብኩ። ስሙን ሲጠይቁኝ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ክፍሉ ፀጥ ብሎ ነበር፤ ከኋላ በኩል ብቻ አንድ ሁለት ሰው ሲስቅ ሰምቻለሁ። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። ባየሁ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? እንጃ።

መጀመሪያ ያነሳሁላችሁ ቀን የፈረንጆቹ ኤፕሪል አንድ ነበር፤ በእኛ መጋቢት ሃያ ሦስት፣ ጾም ነው። ጄኔቭ ውስጥ በዚያ ቀን ልጆች ከወረቀት ዓሣ ቆርጠው ሰው ጀርባ ላይ ይለጥፋሉ፤ ውሸት እየነገሩም ባመናቸው ላይ ይስቃሉ። እኔም አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ መምህራችን ጀርባው ላይ ዓሣ ተለጥፎበት ወዲያ ወዲህ ሲል ሆዴን እስኪያመኝ ስቄያለሁ።

በአራት ሰዓት ዕረፍት ወጣን። ደብተር ልቀይር ሳጥኔን ስከፍት አንዲት ቢጫ ወረቀት ወደቀች። ለተማሪ በስልክ መልእክት ሲመጣ የትምህርት ቤቱ በር ጠባቂ እንዲህ ባለች ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፎ በሳጥናችን ቀዳዳ ይከትልናል። አነበብኳት። አባትሽ አቶ ሰይፉ ተፈትተዋል፣ ዛሬ በሮም በኩል ዙሪክ ይገባሉ፣ ቀርባችሁ ተቀበሏቸው ትላለች። ሰዓቱም ተጽፏል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥር ሰዓት። የአባዬ ስም ሙሉውን አለ።

አሁን እንዴት አልጠረጠርሽም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የበር ጠባቂው መስኮት ከሳጥኔ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ አንኳኩቼ ማነው የደወለው ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የለመነውን ነገር በእጁ ሲያስገቡለት ወረቀቱን ገልብጦ አያይም። እኔም አልገለበጥኩም። ቦርሳዬን እንኳ እዚያው ጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

እናቴን ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ አገኘኋት። ሩጫው ትንፋሼን ቆርጦኝ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ተፈቷል። ዛሬ በአሥር ሰዓት ዙሪክ ይደርሳል።»

እልልታ ነበር የጠበቅኩት። እናቴ ግን ያጠፈችውን አንሶላ መልሳ ዘረጋችው፤ ከዚያ እንደገና አጠፈችው። ማን ነው ያለው አለችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። ፈረንሳይኛዋ ደከም ያለ ስለነበር በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ድገሚው አለች፣ ደገምኩት። ስሙ የቱ ጋ ነው አለች፣ አሳየኋት። በጣቷ ነካችው። ለሦስተኛ ጊዜ አስነበበችኝና የቆሸሸ አንሶላ በሞላው ቅርጫት ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ደስታ ነው፣ ደስታ ሰውን እንዲህ ያደርጋል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ተነሳች። ሽርጧን ፈታች፣ ለአለቃዋ ባሌ መጣ አለቻት፣ ፈቃድም ሳትጠይቅ ወጣች። ቤት ስንደርስ ያንን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ አውልቃ ከሻንጣ ሥር ነጣ ያለ አበባማ ቀሚስ አወጣች። መስተዋት ፊት ቆማ ከንፈሯን ቀለም ተቀባች። ለአባዬ ይበርደዋል ብላ የእኔን ወፍራም የአንገት ልብስም ያዘች። ባቡሩን ልናጣው ትንሽ ነበር የቀረን።

ቨርሷ የምትባለውን የሐይቅ ዳር ከተማ አለፍን። ከዚያ በመስኮት ሐይቁን እያየች፣ እዚህ ውኃው ዳር ቤት ብንከራይ ሳይሻለው አይቀርም፣ የካሩዥ ትራም እንቅልፍ አይሰጠውም አለች። ከዚያ በኋላ ዝምተኛዋ እናቴ ማን ይቻላት! ሎዛንን አለፍን፣ በርንን አለፍን፣ እሷ ታወራለች። አባዬ ጾም እንደማይሆንለት፣ ሽሮ ስታቀርብለት ከአንዱ እስር ወጥቼ ሌላ እስር ገባሁ እንደሚላት፣ ፍራሹ ስለማይበቃን እኔ መሬት እንደምተኛ፣ እሱ ግን እሺ እንደማይል። ስትስቅ ጥርሷን አየሁት፤ ከጥር ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም እየሳቅኩ ነበር። በሕይወቴ ደስ ያለኝን ቀን ቁጠሪ ብትሉኝ፣ ልጆቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ያንን ባቡር አስቀድማለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በወሬዋ መሐል ድንገት ታቆምና ለራሷ «ማንም አላየውም እኮ» ትላለች። ማንን ነው ያላዩት ስላት ምንም ትለኝና ወሬዋን ትቀጥላለች። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አለች።

አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። ከሮም የመጣው አውሮፕላን እንደተባለው ባሥር ሰዓት ዐረፈ፤ እንዲህ ያለ አውሮፕላን መኖሩ ራሱ ነው የጎዳን። ሰው ከተንሸራታቹ በር መውጣት ጀመረ። እናቴ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች። ረጅም ወንድ በወጣ ቁጥር ጭብጡ ይጠብቃል፤ ሰውየው ሲቀርብ ይላላል። አባዬ ከስቶ ሊሆን ይችላል፣ ጺም አሳድጎ ሊሆን ይችላል፣ ደህና አድርገሽ እዪ ትለኛለች። ቤተሰቦች ተቃቀፉ፣ ነጋዴዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ አለፉ፣ በመጨረሻ አስተናጋጆቹና አብራሪዎቹ እየተሳሳቁ ወጡ። በሩ ተዘጋ። በሩ እስኪከፈት ጠበቅን። ሌላ አውሮፕላን ዐርፎ የሌላ አገር ሰው መውጣት ጀመረ። እናቴ እነሱንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

በመጨረሻ መረጃ የሚሰጡበት ጠረጴዛ ሄድን። ፈረንሳይኛ የምትችል ጎልማሳ ሴት ነበረች። ስሙን ይዛ ስልክ ደወለች፣ አስፈለገች፤ በተሳፋሪዎቹ መዝገብ ውስጥ የለም። በሌላ በረራ ይሆናል ብላ እሱንም አየችልን፤ የለም። ከዚያ መልእክቱን ላየው ብላ ቢጫዋን ወረቀት ተቀበለችኝ። አነበበቻት፣ ገለበጠቻት። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ የተሳለች ትንሽ ዓሣ ነበረች።

ሴትየዋ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ከጄኔቭ ነው የመጣችሁት አለችኝ። አዎ አልኳት። ከመቀመጫዋ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞራ አጠገቤ መጣችና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጄ፣ የሆነ ሰው የማይገባ ቀልድ ቀልዶብሻል አለችኝ።

ይሄንን ለእናቴ በአማርኛ የምነግራት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ?

«እማዬ፣ ቀልድ ነው። የክፍል ልጆች ናቸው። ማንም አልደወለም።»

«አልመጣም ማለት ነው?»

«አልመጣም።»

እናቴ ወደ ኋላ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ሰይፉዬ» አለች። ከዚያ በሁለት እጇ ደረቷን መታች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደጋግማ። እየተወዛወዘች ስሙን ትጠራለች። ሰዎች ቆመው ያዩናል። እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ልቅሶ ቤት ያደግኩ ነኝ። ያልመጣ እንግዳ እንዲህ አይለቀስም። ፊቷ በርከክ አልኩ።

«እማዬ፣ አባዬ ሞቷል?»

ለቅሶዋን ቀጥ አደረገች። እጇን ከደረቷ ላይ አውርዳ አፏን ያዘች። ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች።

«እዚህ የሱ ነገር አይነገርም» አለችኝ። «የእኛ ሰው ያለበት እንሂድ። ተነሺ፣ አስቴር ቤት።»

ሞቷል አላለችም። ግን ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል? የእኛ ሰው መርዶ በዋዛ እንደማይናገር ታውቃላችሁ። ማለዳ፣ ሰው ወደ ጉዳዩ ሳይበተን፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው አፍ አውጥቶ ነው የሚነግረው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ትገላገል ይባላል፤ ተማሪ ከሆነች ፈተናዋ ይለፍ ይባላል። እኔ ደግሞ በሰኔ የምፈተን ተማሪ ነበርኩ።

እናቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስልክ ደውላ ጋሽ ወርቁ መጥተው ወሰዱን። ዋሊሰለን ቤታቸው ስንገባ እትዬ አስቴር ታመው የነበሩ አይመስሉም፤ እናቴ ጓዳ ይዛቸው ገብታ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ልጅቷ አላወቀችም፣ ነገ ማለዳ ይሁን ስትል ጆሮዬ ገባ። ያኔ አንድ ነገር ወሰንኩ። እናቴ ባሏን ልታከብረው የቀራት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ አላበላሽባትም አልኩ። ራት ቀረበ፣ በላሁ። ጋሽ ወርቁ ስለ ፈተናዬ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ተሜዎቹ እንደዚህ ናቸው፣ ቀልደውብሽ ነው እንጂ አባትሽ አንድ ቀን ይመጣል አሉኝ ወደ ሳህናቸው አቀርቅረው። አሜን አልኳቸው። እናቴ ማወቄን ታውቃለች፤ እኔም ማወቋን አውቃለሁ። ሁለታችንም ከአንድ ሳህን እየበላን ቀና አላልንም።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተኛሁበት ክፍል በር ተከፈተ። ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸውን ደርበው ገቡ፤ እትዬ አስቴር፣ ከዚያ የማላውቃቸው ከዙሪክ የመጡ አንድ ባልና ሚስት ተከተሉ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እናቴ መጨረሻ ላይ ገባች፤ የእትዬ አስቴርን ጥቁር ነጠላ ለብሳለች። ተነስቼ ተቀመጥኩ።

«ልጄ ሰናይት» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ «አባትሽ ሰው ነበር። ወሬው የደረሰን በጥር ነው፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው። ቀኑን የሚያውቅ የለም፣ ሬሳም አልተሰጠም፣ ማንም አላየውም። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ማንም አላየውም። እናቴ ባቡር ላይ ለራሷ ስትለው የነበረውን ያኔ ነው የተረዳሁት። መርዶ ተረድታ፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን አልቅሳ፣ ፀጉሯን ቆርጣ የተመለሰች ሴት፣ እኔ አንዲት ወረቀት ይዤ ብመጣ፣ ሬሳውን ያየ የለምና ምናልባት ብላ ሐዘኗን አውልቃ ተከተለችኝ።

ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ ያዙኝ። ግን አንድ ነገር ልሸሽጋችሁ አልፈልግም። ያን ማለዳ እናቴን ሰደብኳት። ሁለት ወር ተኩል ዋሽተሽኛል፣ ውሸታም ነሽ አልኳት በሰው ፊት። ጋሽ ወርቁ ሊገሥጹኝ ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸው። አንገቷን ደፍታ ቆማ ሰማችኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ጠበቀችኝ። ከዚያ መጥታ ራሴን ጭኗ ላይ አደረገችው።

ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ዳይሬክተሩ ክፍላችን ገብቶ ማነው አለ። ሃያ ሁለት ልጆች ነን፤ ማንም ቃል አልወጣውም። ቢጫ ወረቀቱ ከበር ጠባቂው ጠረጴዛ የተሰረቀ ነበር፣ ጽሑፉን ማንም አላወቀውም ተባለ። ዳይሬክተሩ ጉዳዩን ሊገፋበት ፈልጎ እናቴን አስጠራት። እናቴ ግን የምክትል ዳይሬክተርነቷ መጣባትና ልጆች ናቸው፣ ተዋቸው፣ ይማሩበት አለችው፤ እኔው ነኝ እያለቀስኩ የተረጎምኩላት። በሰኔ ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱን ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ሳመችኝና ማጠቢያ ቤት ልትገባ ሄደች።

ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ዓመት ሃያ አንዱንም በየተራ ስጠረጥር ኖሬአለሁ፤ ትራም ላይ አንዱን ሳገኝ ፊቱን አጠና ነበር። አሁን ግን እንዲህ ይመስለኛል፤ ያ ልጅ የጠበቀው በር ጠባቂው መስኮት ድረስ ሮጬ እንድሄድና እንዲሳቅብኝ ነበር፤ የአሥር ደቂቃ ቀልድ። አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ እናቴን ይዤ እንደምሄድ፣ የሞተ ሰው እንደምቀበል በምን ያውቃል? ይሄን ስል ይቅር ብዬዋለሁ ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ቀን ብያለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላልኩም።

እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ዝምተኛ ሆንኩ። ስለምወደው ሰው በሰው ፊት አላነብም፣ አላወራም፤ ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከልጆቼ ግን ምንም አልደብቅም ብዬ ምዬ ነበር። አያችሁ የሰው ነገር፣ እትዬ አስቴር ሲያርፉ ትልቁ ልጄ ፈተና ላይ ስለነበር ሦስት ሳምንት ደበቅኩት። አንባቢዎቼ፣ እናንተም መርዶ ደብቃችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከሚደበቅበት ሰው ይልቅ ለሚደብቀው እዘኑለት። እናቴ እኔ ስተኛ ነበር የምታለቅሰው፣ ለዚያውም ድምፅ ሳታሰማ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሷም ጡረታ ወጥታ፣ እኔም ሸብቼ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ቁጭ ብለን ደፍሬ ጠየቅኳት። መሞቱን እያወቅሽ ለምን ተከተልሽኝ አልኳት። ሬሳውን ስላላየሁ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። 

«መጣ አልሽኝ፣ ሄድኩ» አለችኝ። «አሁንም መጣ ብትዪኝ እሄዳለሁ።»

ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።